ከውርጭ የሚተርፈው ግማሽ

የበረደ የኮርማ ዘር የሚቀመጥባትን ቀጭን ቱቦ፣ ስትሮዋን፣ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ትንሽነቷን አይገምተውም። ርዝመቷ 133 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የምትይዘው ፈሳሽ የአንድ ሚሊ ሊትር ሩብ ብቻ ነው። በአንድ ጫፏ ሁለት የጥጥ ውታፎች አሉ፤ በሁለቱ መካከል ነጭ ዱቄት ተቀምጧል። ፈሳሹ ሲደርስበት ዱቄቱ ወዲያው ይረጋና አንድ ጠብታ እንኳ እንዳያልፍ አድርጎ ይዘጋል። ሌላው ጫፍ ከተሞላች በኋላ ተበይዶ ይታሸጋል። ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ለሚያነብ ሰው የኮርማው ስምና ቁጥር፣ ዝርያው፣ የተመረተበት ቀንና የማዕከሉ መለያ በጎኗ ላይ ታትመዋል። ውስጧ 20 ሚሊዮን የሚያህል የዘር ህዋስ አለ፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ሳይሞትም ሳይንቀሳቀስም ተቀምጧል።

ከዚህ ሁሉ ህዋስ መካከል ሲቀልጥ ነፍስ ዘርቶ ወደ ፊት የሚዋኘው፣ በጥሩ ማዕከል፣ ከጥሩ ኮርማና በጥሩ እጅ፣ ግማሽ ያህሉ ነው። ሌላው ግማሽ በመንገድ ይቀራል። የበረደ አባላዘርን ጥራት ስለማሻሻል ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጠናል። እውነቱን ለመናገር ግን ዘሩ ከኮርማው ከወጣበት ቅጽበት በኋላ አንዱን ህዋስ ከነበረው የተሻለ የሚያደርግ ሙያ የለም። ያለው ሙያ የሚጎድለውን መቀነስ ነው። በረት ውስጥ የጠፋውን ላቦራቶሪው አይመልሰውም፤ ላቦራቶሪው ያበላሸውንም ገጠር ያለው አዳቃይ አይጠግነውም። እኔን የዚህ ሥራ አድናቂ ያደረገኝ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ እጅ የተረከበውን ሳያጎድል ለሚቀጥለው እጅ ለማሳለፍ ይደክማል፤ በደንብ ሲሠራም ሥራው አይታይም።

የመጀመሪያው እጅ የኮርማ ተንከባካቢው ነው። የኮርማ ቆለጥ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው በምክንያት ነው፤ ዘር በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነው። ብርድ ሲሆን ከረጢቱ ይሰበሰብና ቆለጡን ወደ ሰውነት ያስጠጋዋል፤ ሙቀት ሲሆን ይለቀዋል። አንድ የዘር ህዋስ በቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ እስኪበቃ 61 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያም ከቆለጡ ጋር በተጣበቀው ረጅም ጥምዝምዝ ቱቦ ውስጥ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይጓዛል። ስለዚህ ዛሬ የተሰበሰበ ዘር የሚናገረው ከሁለት ወር በፊት ስለነበረው ኑሮ ነው። በታኅሣሥ ትኩሳት ይዞት የነበረ ኮርማ በጥር ወይም በየካቲት ጭንቅላቱ የተጣመመ፣ ጭራው የተጠቀለለ ዘር ቢሰጥ፣ ያን ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ የተቀመጠው ባለሙያ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ጥላውን የሚያዘጋጀው፣ ውኃው እንዳይደርቅ የሚጠብቀው፣ ሰኮናውን በጊዜው የሚያስተካክለውና የሰውነቱን ሙቀት የሚመዘግበው ሰው ከሁለት ወር በኋላ የሚሞላውን ስትሮ እየሠራ ነው። ስሙ ስትሮው ላይ አይታተምም።

የዘር አሰባሰቡን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያስደንቀው የኮርማው ጉልበት ነው። ደጋግሞ ያየ ግን ዓይኑ ወደ ሰብሳቢው ይዞራል። ሌላ ኮርማ ወይም በሬ በማሰሪያው ውስጥ ይቆማል፤ ኮርማው በአፍንጫው ቀለበት ተይዞ ይቀርባል። ሲዘል ሰብሳቢው ዘሩን አይቀበልም። ብልቱን በሽፋኑ ላይ ይዞ ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ኮርማው ባዶ ወርዶ ይመለሳል። ጥቂት ደቂቃ ይታገዳል፤ እንደገና ይቀርባል፤ ምናልባት እንደገና ይከለከላል። ለማያውቅ ሰው ይህ ማጉላላት ይመስላል። በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ጆን አልምኲስትና የኮርኔሉ ሮበርት ፉት ለዓመታት ያጠኑት ነገር ግን ይህ ዝግጅት በአንድ ዝላይ የሚገኘውን የዘር ህዋስ ብዛት በግልጽ እንደሚጨምር ነው። መድኃኒት አልተሰጠም፣ መሣሪያ አልተገዛም፤ ትዕግሥት ብቻ ተጨመረ። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ርካሽና ትርፋማ ዘዴዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ በጥድፊያ ቀን መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው መሆኑ ያሳዝነኛል።

የዘሩ መቀበያ ራሱ ቀላል ነገር ነው። ጠንካራ የጎማ ቱቦ አለ፤ በውስጡ ስስ የላቴክስ ሽፋን ተዘርግቷል፤ በሁለቱ መካከል ሙቅ ውኃ ይሞላል፤ የውስጡ ሙቀት ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ይደረጋል። ቀዝቀዝ ካለ ኮርማው አይለቅም፤ ከበዛ ይቃጠልና ለሚቀጥለው ሳምንት ይፈራል። ኮርማዎች ምርጫ አላቸው፤ አንዱ ጠበቅ ያለ ይፈልጋል፣ ሌላው ሞቅ ያለ፤ ጥሩ ሰብሳቢ የእያንዳንዱን ያውቃል። ጫፍ ላይ ያለው የመስታወት ቱቦ ፀሐይም ብርድም እንዳይነካው በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ተሸፍኗል። ወሳኙ ቅጽበት ሲመጣ ሰብሳቢው ቱቦውን በኮርማው ብልት ላይ አይገፋም፤ አቅጣጫውን አስተካክሎ ያቀርብለታል፤ የሚገፋው ኮርማው ነው። አንድ ሰከንድ አይሞላም። ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሊትር የሚሆን፣ ወተት የመሰለ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ ፈሳሽ ቱቦው ውስጥ ይገኛል። በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ቢሊዮን ያህል ህዋስ አለ።

መለኪያውን ፈጠን ብዬ ልለፈው፤ በዚህ ደረጃ ብዙውን የሚሠራው ማሽን ነው። ፎቶሜትሩ ብርሃን አሳልፎ ብዛቱን ይቆጥራል። በ37 ዲግሪ በሞቀ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥሩ ዘር እንደ ደመና እየተጠቀለለ ይሽከረከራል። ቀጥ ብለው ወደ ፊት የሚዋኙት ከህዋሶቹ 70 በመቶ ካልሞሉ ወደ ማቀዝቀዝ ባይሄድ ይመረጣል። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት አንድ የቆየ ግኝት አለ። በካምብሪጅ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደታየው፣ የሞተ የኮርማ የዘር ህዋስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከውስጡ የሚያመልጠው ኢንዛይም ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ እያመነጨ ሕያዋኑን ይመርዛል። ሙታን የበዙበት ዘር መቀዝቀዝ ከመጀመሩ በፊት ጠላቱን በውስጡ ይዟል ማለት ነው። ቫይታሚን ኢ፣ ግሉታታዮንና የመሳሰሉት መከላከያዎች ዘሩ በሚቀጥንበት ፈሳሽ፣ በማቅጠኛው፣ ውስጥ እየተጨመሩ በየአገሩ የሚሞከሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አንዳንዱ ይረዳል፤ መጠኑ ሲያልፍ አንዳንዱ ይጎዳል። እኔ ግን ማንኛውም ማዕከል ወደ እነዚህ ጠርሙሶች ከመሄዱ በፊት ደካማውን ዘር በመጀመሪያው ቀን የመጣል ድፍረት እንዲኖረው እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ብርድ እንድረስ። የዘር ህዋስ ሽፋን የተሠራው ከስብ ነው፤ ቅቤ በሌሊት ብርድ እንደሚረጋ ይህም ሽፋን ሙቀቱ ሲወርድ ከፈሳሽነት ወደ ደረቅነት ይለወጣል። ለውጡ በድንገት ከሆነ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ በውስጡ ያለው ያመልጣል፤ ህዋሱ ባለበት ክብ እየሠራ ይዞራል ወይም ይሞታል። ከ20 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ የሚወርድበት መንገድ እጅግ አደገኛው ነው፤ ገና በረዶ የሚባል ነገር ሳይመጣ ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔውን ያገኘው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፖል ፊሊፕስ ሲሆን ዘመኑ 1939 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የተጠቀመውም የእንቁላል አስኳል ነው። በአስኳል ውስጥ ያለው የስብና የፕሮቲን ውሕድ ህዋሱን ከብርድ ድንጋጤ ይከላከልለታል። ከዚያ ወዲህ ከ80 ዓመት በላይ አልፏል፤ ከአኩሪ አተር የሚሠሩ ተተኪዎች ገበያ ላይ ውለዋል፤ አስኳል ግን ዛሬም በብዙ ላቦራቶሪዎች ከሥራ አልወጣም።

አስኳሉን የሚያዘጋጀውን እጅ ማየት ደስ ይላል። እንቁላሉ የዕለት መሆን አለበት። ቅርፊቱ በአልኮል ይጠረጋል። ይሰበርና ነጩ ይፈሳል፤ አስኳሉ ሳይፈርስ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ቀስ ተብሎ ይንከባለላል፤ ወረቀቱ የተረፈውን ነጭ ይመጥጣል። ከዚያ ስሱ ሽፋን በመርፌ ወይም በፒፔት ይበሳና ንጹሑ ቢጫ ብቻ ይወርዳል፤ ሽፋኑ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። በዚህ መንገድ የተገኘው አስኳል ከማቅጠኛው 20 በመቶ ያህል ይሆናል፤ ቀሪው ትሪስ የሚባለው ውሕድ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ፍሩክቶስ፣ ተህዋስያንን የሚከላከሉ አንቲባዮቲኮችና ግሊሰሮል ያሉበት ውኃ ነው።

የግሊሰሮል ታሪክ የታወቀ ነው፤ ግን ደግሞ መነገር ይገባዋል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በለንደን ሚል ሂል ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አላን ፓርክስ የአውራ ዶሮ ዘር በስኳር ሊያቀዘቅዙ ሲሞክሩ አልሆነላቸውም ነበር። ከወራት በኋላ ከቀዝቃዛ ክፍል ያወጡት አንድ ጠርሙስ ግን በድንገት ሠራ። ሲመረመር በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ስኳር አልነበረም፤ ግሊሰሮልና አልቡሚን ነበር። መለያ ወረቀቱ ተሳስቷል። ሌላ ሰው ውጤቱን በዕድል አስቦ ያልፈው ነበር፤ እነሱ ግን የቀረችውን ጥቂት ፈሳሽ ለኬሚስት ሰጡ። በ1951 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በበረደ ዘር የመጀመሪያዋ ጥጃ ተወለደች፤ በሚቀጥለው ዓመት ፖልጅና ሮውሰን በብዙ ላሞች ላይ እንደሚሠራ አሳዩ። ግሊሰሮል በህዋሱ ውስጥ ገብቶ የውኃውን ቦታ ይይዛል፤ በረዶ ሲሠራ የሚቀረውን ጨው ያለዝባል። ራሱም ግን መርዝነት አለው። ከ6 እስከ 7 በመቶ ሲሆን ያድናል፤ ብዙ ሲያልፍ ያጠፋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትዕግሥት ነው፤ በእኔ እይታ የሙያው ልብ እዚህ ላይ ነው። የተቀጠነው ዘር የያዘው ቱቦ ለብ ባለ ውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዕቃው ራሱ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባል። ውኃው ሙቀቱን በዝግታ ስለሚለቅ ዘሩም አብሮት በዝግታ ይወርዳል፤ ወደ 4 ዲግሪ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ያቺ የውኃ ዕቃ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ያላነሰ ዋጋ አላት። ከዚያ በ4 ዲግሪ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሽፋኑ ከግሊሰሮሉና ከአስኳሉ ጋር ይላመዳል። በዚህ ጊዜ ምንም የሚታይ ነገር አይከናወንም። ሰዓቱን ወደ ሁለት ማሳጠር የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ይቀርባል፣ መብራት ይጠፋል ተብሎ ይፈራል፣ የሚሞሉ ስትሮዎች ብዙ ናቸው። ያንን ሰዓት ሳይሸራርፍ የሚጠብቅ ላቦራቶሪ የሚያተርፈው በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል።

ስትሮው ራሱ የተፈጠረው በዴንማርክ ነው። ኤድዋርድ ሶረንሰን በልጁ የልደት ግብዣ ላይ ሕፃናት በቀጭን ቱቦ ሲጠጡ አይቶ ሐሳቡን አገኘ ይባላል፤ በኋላ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሮበርት ካሱ ዛሬ ወደምናውቀው የፕላስቲክ ስትሮ አደረሰው። ቅጥነቱ ጌጥ አይደለም። ቀጭን ስለሆነ ብርዱ ወደ መሐሉም ወደ ዳሩም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ወፍራም ቢሆን ዳሩ በረዶ ሆኖ መሐሉ ገና ፈሳሽ ይሆን ነበር። መሙያው ክፍል 4 ዲግሪ ነው። ባለሙያው ስትሮውን በጣቱ አይጨብጥም፤ ከጣት የሚወጣው ሙቀት ብቻ በሚሊ ሊትር ሩብ ላይ ጉዳት አለው።

በማቀዝቀዙ ላይ ሁለት ሞቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። በጣም ቀስ ከተባለ ውኃው ከህዋሱ ወጥቶ ያልቃል፤ የተረፈው ጨው ህዋሱን ያቃጥለዋል። በጣም ከተፈጠነ ውኃው ሳይወጣ በውስጡ በረዶ ይሆንና ስለቱ ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ክፉው ክልል ከዜሮ በታች ከ15 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ነው። የጥንቱ ዘዴ ስትሮዎቹን በመደርደሪያ ላይ አግድም ደርድሮ ከፈሳሽ ናይትሮጂን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በትነቱ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ከዚያ ማጥለቅ ነው። ዘመናዊው ማሽን ደግሞ መንገዱን ይከፋፍለዋል፤ እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች በደቂቃ 5 ዲግሪ፣ ከዚያ እስከ 100 ከዜሮ በታች በደቂቃ 40፣ በመጨረሻ እስከ 140 በደቂቃ 20። በመካከሉ አንድ አስደናቂ ነገር ይከሰታል። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ ስለዚህ ስትሮው በዚያች ቅጽበት ከመቀዝቀዝ ይልቅ መልሶ ይሞቃል። በግራፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ሆና ትታያለች። ልምድ ያለው ባለሙያ ያቺን ጉብታ ያነባታል፤ ከተለጠጠች የማሽኑ ክፍል ከልክ በላይ ተጭኗል ወይም ናይትሮጂኑ ሳስቷል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር የስትሮውን ቁጥር ይቀንሳል።

በማግስቱ ፍርድ አለ። ከእያንዳንዱ ምርት ስትሮዎች ወጥተው ይቀልጣሉ። የሚዋኘው ይቆጠራል፤ ብዙ ማዕከላት ከ40 ወይም ከ50 በመቶ በታች የሆነውን አይቀበሉም። ቁጥሩ ብቻ ግን አያረካም፤ ጭራው እየሠራ ጭንቅላቱ የተበላሸ ህዋስ አለና። ስለዚህ ኢዮሲን የተባለው ቀለም ይጨመራል፤ የሞተው ህዋስ ሮዝ ይሆናል፣ ሕያው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። እንቁላሉን የሚከፍተው የጭንቅላቱ ቆብ አለመላቀቁም ይታያል። ከሁሉ የምወደው ምርመራ ግን ቀላሉ ነው። ዘሩ እጅግ በቀጠነ ስኳርና ጨው ውኃ ውስጥ ይደረጋል። ሽፋኑ ደኅና የሆነ ህዋስ ውኃውን እየሳበ ያብጣል፤ ጭራውም ይጠቀለላል። ሽፋኑ የተቀደደው ውኃውን መያዝ ስለማይችል ቀጥ ብሎ ይቀራል። የተጠቀለለውን መቁጠር ነው። ውድ መሣሪያ የሌለው ላቦራቶሪ እንኳ በአንድ ማይክሮስኮፕ የሽፋኑን ደኅንነት ያውቃል።

ከዚያ መጣል ይመጣል። አንድ ኮርማ በአንድ ስብሰባ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስትሮዎች ይሰጣል፤ ሁሉም ተሞልተዋል፣ ታትመዋል፣ ናይትሮጂን ተፈጅቶባቸዋል። ፈተናውን ካላለፉ ሁሉም ይጣላሉ። በዊስኮንሲን የነበረው ቶይስቶሪ የተባለው ሆልስቲን ኮርማ በ2014 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ስትሮ አምርቷል፤ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ቁጥር ነው። እኔ ግን የአንድን ማዕከል ሙያ የምመዝነው በጣለው ነው። ምንም ያልጣለ ማዕከል መርምሮ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

በናይትሮጂን ውስጥ ከገባ በኋላ ጊዜ አይነካውም። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ በ1968 እ.ኤ.አ. የበረደ የሜሪኖ በግ ዘር ከ50 ዓመት በኋላ ቀልጦ 56 በጎች ተዳቅለውበት 34ቱ አርግዘዋል። የሚያጠፋው ዓመት ሳይሆን የሰው እጅ ነው። ናይትሮጂኑን የያዘው ኮንቴይነር በተከፈተ ቁጥር፣ ስትሮዎቹ ያሉበት መያዣ ከኮንቴይነሩ አንገት በላይ በወጣ ቁጥር የስትሮው ሙቀት ይጨምራል፤ ከዜሮ በታች ከ130 ዲግሪ ሲያልፍ ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች እየተያያዙ ያድጋሉ። ወደ ናይትሮጂኑ ቢመለስም ያደገው በረዶ አያንስም፤ በሚቀጥለው መከፈት ላይ ይደመራል። ከውጭ ሲታይ ግን ስትሮው ያው ስትሮ ነው። ጥሩ አዳቃይ የትኛው መያዣ ውስጥ የትኛው ኮርማ እንዳለ ክዳኑ ላይ ጽፎ ይይዛል፤ መያዣውን ከአንገቱ ውርጭ በታች አቁሞ በወረንጦ አንዷን ስትሮ በጥቂት ሰከንድ ያወጣል። የሚፈልገውን እየፈለገ መያዣውን ወደ ፀሐይ አያወጣም።

በእኛ አካባቢ ይህ ሙያ አዲስ አይደለም። ሰው ሠራሽ ማዳቀል በአሥመራ በ1938 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቋርጧል፤ በ1952 እ.ኤ.አ. እንደገና ተሞክሯል፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ በአርሲ ጭላሎ ተተክሏል። ዘርና ናይትሮጂን ከውጭ እየገዙ መቀጠል ከባድ ስለነበር በኋላ በቃሊቲ ብሔራዊ ማዕከል ተቋቁሞ ከሆልስቲን ፍሪዥያንና ከጀርሲ እንዲሁም ከቦረናና ከሌሎች የአገራችን ዝርያዎች ኮርማዎች አባላዘር እዚሁ ማምረት ተጀመረ። በእኔ ግምት ግን የአገራችን ትልቁ ኪሳራ ያለው ከማዕከሉ በር ወዲህ ነው፤ ናይትሮጂኑ ሳይሞላ በሚውል ኮንቴይነር ውስጥና በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ።

የመጨረሻዋ ደቂቃ ማቅለጥ ናት። ቀስ ብሎ ማቅለጥ ደግነት ይመስላል፤ ለዘሩ ግን ጥፋት ነው፤ ያ ከ60 እስከ 15 ከዜሮ በታች ያለው ክፉ ክልል ሲወርድም ሲወጣም አለና፣ በፍጥነት መሻገር ያስፈልጋል። ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ፣ ለ40 ሰከንድ። በብብት፣ በኪስ ወይም በጣት መካከል ማሞቅ አንዳንድ ቦታ ይታያል፤ ከኮርማው ተንከባካቢ ጀምሮ የተደረገው ጥንቃቄ ሁሉ በዚያ ብብት ውስጥ ያልቃል። ሙያውን የሚያከብር አዳቃይ ቴርሞስና ቴርሞሜትር አይለየውም። ስትሮዋን ካወጣ በኋላ በንጹሕ ወረቀት እስክትደርቅ ይጠርጋታል፤ አንዲት የውኃ ጠብታ ከዘሩ ጋር ከተቀላቀለች ህዋሶቹን ታሳብጣለች፤ ትገድላለች። ጫፉን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል፤ የተንጋደደ ከሆነ ዘሩ ወደ ኋላ ያመልጣልና። የማዳቀያ ዘንጉን አስቀድሞ አሙቆት ነበር፤ ከጫነም በኋላ በልብሱ ሥር ከሰውነቱ ጋር አስጠግቶ ከነፋስ ይከልለዋል።

ከዚያ ዓይኑን ትቶ በጣቱ ያያል። ግራ እጁ በላሟ ሬክተም ውስጥ ሆኖ የማህፀኗን አንገት ይይዛል፤ በውስጡ ያሉትን ጠንካራ ቀለበቶች አንድ በአንድ በዘንጉ ያልፋል። ዘንጉን አይገፋም፤ አንገቱን ወደ ዘንጉ ያመጣዋል። የመጨረሻውን ቀለበት ሲያልፍ ጣቱ የዘንጉን ጫፍ ትነካለች። እዚያ፣ ከማህፀኑ መግቢያ ላይ፣ በቀስታ ይለቃል። ወደ ውስጥ ካለፈ ወደ አንድ የማህፀን ቀንድ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ከቀረ አንገቱ ውስጥ ይቀራል። ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው።

ላም ያላችሁ ሁሉ፣ ላማችሁ ጠዋት ላይ ድራቷ ከታየ ለማታ፣ ማታ ላይ ከታየ ለማግስቱ ጠዋት አዳቃዩን ጥሩት። ሲመጣ ንጹሕ ሙቅ ውኃ አቅርቡለት። ቴርሞሜትሩን አውጥቶ ውኃውን ሲለካና ሰዓቱን እያየ ዝም ብሎ ሲቆም አታስቸኩሉት። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ባዶዋን ስትሮ ተቀብላችሁ በጎኗ ላይ የታተመውን የኮርማ ቁጥርና ቀኑን በደብተራችሁ ጻፉት፤ ላሟ ወደ ድራት ብትመለስ ስሕተቱ ከየትኛው እጅ እንደሆነ መፈለግ የሚቻለው በዚያ ቁጥር ነው።